የቤታችን ዋይፋይ ሁለት ፓስወርድ አለው

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ጥሩ። በሩ ላይ የቆማችሁ ግቡ እንጂ፤ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የዕረፍት ቀናችሁን ስለ ራውተር፣ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ ስለሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ለመስማት ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ቀላል ነገር አይደለም። አዘጋጆቹንም እንዲሁ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ለምናወራው ነገር ኮምፒዩተር የተማረ ሰው አያስፈልግም። ማንበብ የሚችልና ግማሽ ሰዓት የማያጣ ሰው ይበቃል።

በጥያቄ ልጀምር። የቤታችሁን የዋይፋይ ፓስወርድ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አንሱ። አቤት! ሁላችሁም ማለት ይቻላል። አውርዱ። አሁን ደግሞ የራውተሩን ፓስወርድ የምታውቁ እጃችሁን አንሱ። እ? እዚያ ጥግ ላይ አንድ ልጅ፣ እዚህ ደግሞ አንድ አባት። «ያው አይደለም እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ያው አይደለም! ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህንኑ ለመንገር ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን ያዙልኝ። ሁለት ፓስወርድ አለ። የመጀመሪያው ስልካችሁን ከዋይፋዩ ጋር የሚያገናኘው ነው። ይህን እናንተም ልጆቻችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ግን ራውተሩ ውስጥ የሚያስገባው ነው። የመጀመሪያው የበሩ ቁልፍ ነው ካልን፣ ሁለተኛው ያንን ቁልፍ የመቀየር ሥልጣን ነው።

ሁለተኛውን የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ቀይሮ እናንተን ውጭ ሊያስቀር ይችላል። ይህ እንኳን ቀላሉ ነው፤ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ክፉው የማይታየው ነው። የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይር ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት አለ። ራውተሩ ውስጥ የገባ ሰው ይህን ወደ ራሱ ያዞረዋል። እናንተ የባንካችሁን ስም በትክክል ጽፋችሁ እሱ ወደፈለገው ገጽ ሊመራችሁ ይሞክራል። ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ሲጮህ «እሺ፣ ቀጥል» የምትሉ ሰዎች፣ አዎ አውቃችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ነው የምትያዙት።

ታዲያ ይህ ሁለተኛው ፓስወርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ምንድን ነው? በብዙዎቹ፣ በተለይ በቆዩት ራውተሮች ላይ፣ ዩዘርኔሙ አድሚን፣ ፓስወርዱም አድሚን ነው። የየሞዴሉ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል። ማንም ያየዋል።

«እኔን ማን ይፈልገኛል? ምን አለኝና?» ትሉ ይሆናል። ይህን ጥያቄ በሄድኩበት ሁሉ እሰማዋለሁ። መልሱ፣ እናንተን ማንም አልፈለጋችሁም፤ የተፈለገው ራውተራችሁ ነው። በ2016፣ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ሚራይ የሚባል አጥፊ ፕሮግራም ወጣ። በየቤቱ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እያንኳኳ ይዞር ነበር። የያዘው መሣሪያ ምን መሰላችሁ? 60 ገደማ የፋብሪካ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ዝርዝር ብቻ! የተራቀቀ ጠለፋ የለም። «አድሚን፣ አድሚን» ይላል፤ ይከፈትለታል፤ ይገባል። እንዲህ የሰበሰባቸውን ዕቃዎች በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አንድ ላይ አዝምቶ፣ ዳይን በተባለ የዲኤንኤስ ኩባንያ ላይ አወረዳቸው። ትዊተር፣ ኔትፍሊክስና ሌሎችም ትልልቅ ገጾች ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ዕቃቸው መዝመቱን እንኳን አላወቁም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቪዲዮው ይታያል፣ በቃ።

እንግዲህ ነገሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ ራውተሩን የት እናስቀምጠው? ሁለተኛ፣ ውስጡ ገብተን ምን እንቀይር? ሦስተኛ፣ ከዚያስ በኋላ? ሁለተኛው ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አንደኛ፣ ቦታው። አንድ ቀን አክስቴ ቤት ሄድኩ። «ይሄ ኢንተርኔት ሳሎን ደኅና ነው፣ መኝታ ቤት ሲደርስ ይሞታል» አለችኝ። «ራውተሩ የት ነው?» አልኳት። በኩራት ይዛኝ ሄደች። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ቁምሳጥን ውስጥ፣ በር ተዘግቶበት፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ጨርቁን ገለጥ ሳደርገው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከላዩ የቴሌቪዥኑ ብረት፣ ከጎኑ ትልቅ ስፒከር። ምስኪን! እንዴት አድርጎ መኝታ ቤት ይድረስ?

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ብረት ይመልሰዋል። ትልቅ የፊት መስታወትም ይመልሰዋል፤ ጀርባው በስስ ብረት የተቀባ ነውና። ውሃ ይመጠዋል፤ የዓሣ ገንዳ ያላችሁ ከጀርባው አታስቀምጡት። ወፍራም ግንብ ያደክመዋል። ስለዚህ ከቤቱ መሐል አካባቢ፣ ከፍ ያለ ክፍት መደርደሪያ ላይ አውጡት። መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ ካስቀመጣችሁት ግማሹን ሲግናል ለአላፊ አግዳሚው ነው የምትሰጡት። አክስቴ ጨርቁን ማንሳት ከብዷት ነበር። ግን አነሳችው። መኝታ ቤቱም ደረሰው።

ስለ ድግግሞሽ አንድ ሁለት ነገር ብዬ ልለፍ። ብዙዎቹ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ያልፋል፤ ግን ይጨናነቃል። ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው አካባቢ ናቸው። ማይክሮዌቩ ሲበራ ቪዲዮው የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። ከራውተሩ አጠገብ ላለ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ 5ን፣ ጥግ ላለው 2.4ን ስጡት። በ2.4 ላይ ቻናል መምረጥ ካስፈለጋችሁ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ። እነዚህ ሦስቱ አንዱ በአንዱ ላይ አይደረቡም። የመሐሎቹ ግን ከሁለቱም ወገን ይረበሻሉ።

ወደ ዋናው እንሂድ። ውስጡ ገብተን ምን እንቀይር?

በመጀመሪያ እንዴት ይገባል? ራውተሩን ገልብጡት። ሆዱ ላይ ስቲከር አለ። ስቲከሩ ሳይደበዝዝ ፎቶ አንሱት። 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ከሥሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ። ስልካችሁን ወይም ላፕቶፓችሁን ከዋይፋዩ ጋር አገናኙና ብራውዘር ክፈቱ። ቁጥሩን ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ላይ ጻፉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ ሰው አንድ ቁጥርን ትቶ የእንግሊዝኛውን ኤል ፊደል ይጽፋል፤ ይመሳሰላሉ። ያን ጊዜ ብራውዘሩ ፍለጋ ውስጥ ይገባና ራውተራችሁን የመሰለ ሌላ ገጽ ሊያመጣላችሁ ይችላል። እዚያ ላይ ፓስወርድ እንዳትጽፉ! አዳዲሶቹ ራውተሮች ደግሞ የስልክ አፕ አላቸው፤ እሱም ይሆናል።

ገባችሁ? እንግዲያው ሌላ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሁለተኛውን ፓስወርድ ቀይሩ። አስተዳዳሪ ወይም አድሚኒስትሬሽን ከሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ረዥም አድርጉት። ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ይሁን። ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፉትና ከቤት ሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡት። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ነው ያለው ማን ነው? ይህን ፓስወርድ የሚፈልገው ሌባ ሌላ አህጉር ነው ያለው። መሳቢያችሁን ከፍቶ አያይም። ወረቀቱን ፈርታችሁ «1234» ከምታደርጉት ይልቅ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ቀጥሎ የምስጠራው ዓይነት፤ አየር ላይ የሚያልፈውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው ማለት ነው። ዋይፋይ በ1997 ደረጃ ሲወጣለት ዌፕ የሚባል ምስጠራ ነበረው። በ2001 ተመራማሪዎች ቀዳዳውን አሳዩ። ዛሬ ማንም ልጅ በደቂቃዎች ይሰብረዋል። በ2003 ደብሊውፒኤ መጣ፣ በ2004 ደብሊውፒኤ2፣ በ2018 ደብሊውፒኤ3። ሴቲንጉ ውስጥ ደብሊውፒኤ3 ካለ እሱን ምረጡ። አሮጌ ስልክ አልገናኝ ካለ ደብሊውፒኤ2ንና ደብሊውፒኤ3ን የቀላቀለውን፣ ካልሆነም ኤኢኤስ የሚል ያለበትን ደብሊውፒኤ2። ዌፕ ብቻ ካለው? ያ ራውተር ጡረታ ይውጣ። ሌላ መፍትሔ የለውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፓስወርድ፣ ሁላችሁም ወደምታውቁት። ብዙ ሰው ስልክ ቁጥሩን ያደርጋል። እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ስልክ ቁጥሩን አድርጓል? እጅ አታንሱ፤ ፊታችሁ ይናገራል።

ለምን እንደማይሆን ላሳያችሁ። በደብሊውፒኤ2፣ ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ፓስወርዱ ራሱ አየር ላይ አይወጣም። ግን ሁለቱም ፓስወርዱን እንደሚያውቁ የሚተማመኑበት አጭር ልውውጥ አለ። ውጭ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህችን ልውውጥ በላፕቶፑ ይቀዳታል። ይዟት ይሄዳል። ከዚያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገምታል። ይሄ ይሆን? ይሄስ? ራውተራችሁ ስለዚህ ግምት የሚያውቀው ነገር የለም። «ሦስቴ ከተሳሳትክ ይዘጋብሃል» የሚባል ነገር እዚህ የለም። ስምንት አሃዝ ማለት 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? አንድ ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ይገምታል። በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የስልክ ቁጥር መነሻው የታወቀ ስለሆነ የሚቀሩት አሃዞች ከዚህ ብዙም አይበልጡም። ደብሊውፒኤ3 የሚሻለው በዚህ ነው። ለያንዳንዱ ግምት ሰውየው ራውተሩን ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም።

ስለዚህ ርዝመት! ርዝመት! ርዝመት! ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። አራት ወይም አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ደርድሩ። ጉጉት፣ ድልድይ፣ ቆርቆሮ፣ ሐሙስ፣ እንዲህ የመሰለ። ይህንኑ ደግሞ አትውሰዱ፤ አሁን ሁላችንም ሰምተነዋል። ተረትና ምሳሌም አይሁን። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ገማቹም ያውቀዋል። የልጅ ስም ላይ የትውልድ ዓመት መለጠፍም ያው ነው።

የዋይፋዩንም ስም ቀይሩ። ለቁንጅና አይደለም። ፓስወርዱ ወደ ቁልፍ ሲለወጥ ከዋይፋዩ ስም ጋር 4,096 ጊዜ ይታሻል። ስሙ የፋብሪካ ስም ከሆነ፣ ለዚያ ስም ቀድሞ የተሰላ ዝርዝር ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። የራሳችሁን ስምና የቤት ቁጥር ግን አትለጥፉበት።

ደብሊውፒኤስ የሚባል ነገር ታያላችሁ። ፓስወርድ ሳይጻፍ በአንድ ቁልፍ ወይም በስምንት አሃዝ ፒን የሚያገናኝ ነው። አጥፉት። ለምን? ፒኑን ራውተሩ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው። የመጀመሪያዎቹ አራት ልክ መሆናቸውን ለብቻው ይናገራል። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ የምትሰላ ናት። በዚህ ምክንያት 100 ሚሊዮኑ ወደ 11,000 ይወርዳል። ይህ በ2011 መጨረሻ ይፋ ወጣ። ያማረ ረዥም ፓስወርድ አውጥታችሁ ይህን ክፍት ከተዋችሁት ልፋታችሁ ገደል ገባ።

ከርቀት ማስተዳደር የሚለውንም አጥፉ። ከቤት ውጭ ሆናችሁ ራውተር የምታስተካክሉበት ምክንያት ከሌላችሁ ለማን ብላችሁ ነው ክፍት የምትተዉት?

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ምክሮች ልናገር። «ስሙን ደብቀው፣ ማንም አያይህም» ይባላል። «ማክ አድራሻ መዝግብና ሌላውን ከልክል» ይባላል፤ ማክ አድራሻ የየዕቃው መለያ ቁጥር ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። የተደበቀ ስም ስልካችሁ በተገናኘ ቁጥር አየር ላይ ይወጣል። እንዲያውም ስልኩ በሄደበት ሁሉ «እንትና አለህ ወይ?» እያለ ይጣራል። ማክ አድራሻም ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው፤ የፈለገ ሰው አይቶ ይገለብጠዋል። ያደረጋችሁትን አፍርሱ አልልም። ግን ጊዜ ካላችሁ ፓስወርዱን በማስረዘም አጥፉት።

አሁን ስለ እንግዳ። እንግዳ መጣ። «ፓስወርዱን» አለ። ትከለክሉታላችሁ? አትከለክሉም፤ እኔም አልከለክልም። ለዚህ ነው የእንግዳ ኔትዎርክ የተሠራው። ሴቲንጉ ውስጥ ጌስት የሚለውን አብሩት፣ የራሱን ስምና ፓስወርድ ስጡት። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፤ ወደ ኮምፒዩተራችሁና ወደ ፕሪንተራችሁ ግን አይደርስም። ካሜራውን፣ ዘመናዊ አምፖሉን፣ ርካሹን ስማርት ዕቃ ሁሉ እዚያው ክተቱት። የእነዚህ ዕቃዎች አምራች ነገ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ስልካችሁ ላይ ያለውን ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታወጡ ከሆነ ግን ሁለቱ አንድ ኔትዎርክ ላይ መሆን አለባቸው። አለዚያ አይተያዩም፣ እናንተም እኔን ትረግማላችሁ።

አንድ የማውቀው ሰው ፓስወርዱን ለፎቁ ሁሉ የሰጠ ደግ ሰው ነበር። አንዱ ተከራይ ለጓደኛው ሰጠ፣ ጓደኛው ለሌላ። ከዚያ በዚያ መስመር ሰው የሚያታልል የሽያጭ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የተጠራው ማን ነው? ባለ ራውተሩ። ከውጭ ሲታይ ቤቱ በሙሉ አንድ አድራሻ ነው ያለው፤ ማን ስልክ ላይ እንደተጻፈ አይለይም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በኋላ ነገሩ ተጣርቶ ነፃ ሆነ፤ ግን ሰውየው ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ እኔ አውቃለሁ። እኔ ደግነትን ተዉ አልልም። የእንግዳውን ፓስወርድ በየጊዜው እየቀየራችሁ ደግ ሁኑ።

ሦስተኛ፣ ከዚያስ በኋላ?

አፕዴት። ራውተሩ የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ ፋርምዌር ይባላል። እንደ ስልካችሁ ሁሉ ቀዳዳ ይገኝበታል፣ ይደፈናል። በ2017 ማቲ ቫንሆፍ የተባለ የቤልጂየም ተመራማሪ በደብሊውፒኤ2 በራሱ ላይ ክራክ የተባለ ድክመት አሳየ። በፓስወርድ መቀየር የሚድን አልነበረም፤ መድኃኒቱ አፕዴት ብቻ ነበር። በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የሚባል ተባይ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ተገኘ፤ አብዛኞቹ የቤትና የትንሽ ቢሮ ራውተሮች ናቸው። ኤፍቢአይ ሳይቀር ሕዝቡን «እባካችሁ ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ» ብሎ ለመነ። ማጥፋትና ማብራት ግን የተባዩን አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚያጠፋው። ሴቲንጉ ውስጥ ራሱ እንዲያድስ የሚያደርግ ምርጫ ካለ አብሩትና እረፉ። አምራቹ አፕዴት መላክ ያቆመለት ራውተር ግን፣ ቢሠራም፣ መብራቱ ቢያምርም፣ መለወጥ አለበት።

ሌላው፣ የተገናኙ ዕቃዎችን ዝርዝር አንዳንዴ ተመልከቱ። ግን አትደንግጡ! ያቺው አክስቴ አንድ ማታ ደወለች። «ሌባ ገብቷል፤ የማላውቀው ስም አለ» አለች። «እንግዲያው የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አጥፊ፤ እያጠፋሽ ዝርዝሩን እይ» አልኳት። ስልኳን ከዋይፋዩ አወጣች፣ አንድ ስም ጠፋ። የልጇ ላፕቶፕ ተዘጋ፣ ሌላ ጠፋ። ያ የማይታወቀው ስም እንዳለ ነው። በመጨረሻ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀለች። ጠፋ! ዝርዝሩ የሚያሳየው የቴሌቪዥኑን ስም ሳይሆን ውስጡ ያለውን የዋይፋይ ቺፕ አምራች ስም ነበር። አዳዲስ ስልኮችም ማክ አድራሻቸውን እየቀያየሩ ስለሚገናኙ የራሳችሁ ስልክ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። አጥፍታችሁ አጥፍታችሁ ያልጠፋ ነገር ካለ ግን የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ። ቤተሰቡ በሙሉ «ኢንተርኔት ጠፋ» ብሎ ይነሳባችኋል። ቻሉት።

ሪሴት ስለሚባለው ትንሿ ቀዳዳ ልናገርና ላብቃ። በወረቀት ክሊፕ አሥር ሰከንድ ያህል ስትጫኗት ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል። ፓስወርድ ለጠፋበት ሰው ትልቅ መድኃኒት ናት። ነገር ግን የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የሰጣችሁ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ውስጡ ተጽፎ ከሆነ እሱም አብሮ ይጠፋል። በእጃችሁ መኖሩን ሳታረጋግጡ እንዳትጫኗት። ራውተሩን ስትሸጡት ወይም ለሌላ ሰው ስትሰጡት ግን የግድ ተጫኗት። የዋይፋይ ስማችሁም ፓስወርዳችሁም እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

የእኔ ይኸው ነው። ወደ ጥያቄ እንለፍ። የራውተሩን ስቲከር ፎቶ አንስታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ስልካችሁን ያዙና ወደ ፊት ኑ፤ አብረን እናየዋለን። ፓስወርዱን ግን በእጃችሁ ሸፍኑት። ማይኩን ከዚያኛው ረድፍ ጀምሩልኝ።